የሚንገዳገድ የቴሌኮም ድርጅትን ማቃናት፦ የአስተዳደርና የሠራተኛ ችግር በየደረጃው

ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ደንበኛ ይሸሻል፣ ቴክኒሽያኑ ያኮርፋል። ቦርዱ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ይሾማል። አዲሱ ሰውም ገና ወንበሩ ሳይሞቅ መዋቅር አስጠንቶ ድልድል ይጀምራል። ዓመት ሳይሞላ ጎበዞቹ ለቀው ይሄዳሉ፤ ብልሽቱ ግን ባለበት ነው።

አብዛኞቹ የሚወድቁት ቅደም ተከተሉን ስለሚገለብጡት ነው። መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ድልድልና ቅነሳ መጀመሪያ ያደርጉታል። ከታች ያሉትን ደረጃዎች ሳትዘሉ፣ አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው ሳትሄዱ ተከተሉ።

መመሪያው የተጻፈው ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ኦፕሬተር፣ ለታወርና ለፋይበር ጥገና ኮንትራክተር፣ ለኮል ሴንተር ድርጅት ኃላፊዎች ነው። የሠራተኛ ማኅበር መሪዎችም ያንብቡት። ሕግ ባነሳሁ ቁጥር የማወራው ስለ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሥራ መሪዎች በዚህ አዋጅ እንደማይሸፈኑ ከወዲሁ ያዙ፤ የእነሱ ጉዳይ የሚታየው በሌላ ሕግና በውላቸው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚሰበሰብ

እነዚህን አንድ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፦

- የ12 ወር የደመወዝ መክፈያ ዝርዝርና የኦቨርታይም ቅጾች። የተከፈሉትም ያልተከፈሉትም።
- የ3 ወር የብልሽት መዝገብ፣ ከነሰዓቱ።
- ባለፈው ዓመት የለቀቁ ሰዎች ዝርዝር፦ የሥራ መደብ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የሄዱበት ቦታ።
- ሥራ ላይ ያለው ኅብረት ስምምነት (ድርጅቱና የሠራተኛ ማኅበሩ የተፈራረሙት ውል)፣ የሚያበቃበትን ቀን ጨምሮ።
- ፍርድ ቤትና የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ያሉ የሠራተኛ ክሶች።
- በተጠባባቂነት የተያዙ መደቦች ዝርዝር፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ ጭምር።

ሰው ኃይል ክፍሉ «ይህ የለንም» ካለ አትቁሙ። ፋይናንስ የከፈለውን ያውቃል፤ ሠራተኛውም የቀረበትን በየማስታወሻ ደብተሩ ጽፎታል። ሁለቱን አስተያዩ።

ማስጠንቀቂያ፦ እስከ ደረጃ 6 ድረስ «መዋቅር» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አታውጡ። አንድ ጊዜ ከወጣ በማግስቱ ሁሉም ሰው ሥራውን ትቶ ሲቪውን ማሳመር ይጀምራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ገበያው ውስጥ ሁለተኛ ኦፕሬተር አለ። ጎበዝ ባለሙያ መሄጃ አያጣም።

ደረጃ 1፦ ያለባችሁን ክፈሉ

ከሠራተኛ ጋር ያለ ጠብ ሁሉ ሥሩ ቢቆፈር ግማሹ ያልተከፈለ ገንዘብ ነው። ስለ ራእይና ስለ ለውጥ ከማውራታችሁ በፊት የኦቨርታይሙን ዕዳ አጣሩ።

1. በሕጉ መሠረት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75። የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5።
2. የእያንዳንዱን ሠራተኛ ቀሪ ሂሳብ አውጡ። የሰዓት ደመወዙ 60 ብር የሆነ ቴክኒሽያን ሌሊት 3 ሰዓት ፋይበር ሲቀጥል ካደረ 60 × 1.75 × 3፣ ማለትም 315 ብር አለው። ለብቻው ትንሽ ይመስላል። በዓመት ሲደመር ግን የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው።
3. ሂሳቡን ለባለቤቱ አሳዩት፣ ያስተካክል፣ ይፈርም።
4. የመክፈያ ቀን ቁረጡ። ከዚያች ቀን አትለፉ።

ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። መዝገቡ 20 ሰዓት የሚያሳይ ከሆነ ክፈሉ፤ ነገር ግን ሺፍቱ ሰው እንደጎደለው የሚናገር ማስረጃ ነውና ቅጂውን ለደረጃ 6 አስቀምጡት።

ጥሬ ገንዘብ ከሌለስ? ከትንሹ ደመወዝተኛ ጀምራችሁ በየወሩ ክፈሉ፣ መርሐ ግብሩንም በማስታወቂያ ሰሌዳ ለጥፉ። የኃላፊዎች ጥቅማ ጥቅም በዚያው ወር ሳይነካ የሠራተኛው ዕዳ ከተራዘመ ግን የሚያምናችሁ የለም። ወሬው በአንድ ቀን ሞያሌም መተማም ይደርሳል።

የታወር ጥበቃዎችንና በኮንትራክተር በኩል የተቀጠሩ የጥገና ሠራተኞችን አትርሱ። ቀጣሪያቸው ሌላ ነው ብላችሁ ብታልፏቸውም ጄኔሬተሩን የሚያስነሱት፣ ነዳጁን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ኮንትራክተሩ የወር ሂሳቡን ከመቀበሉ በፊት ለሠራተኞቹ ደመወዝ መክፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያቀርብ ውሉ ውስጥ አስገቡ።

ደረጃ 2፦ የአንድን ብልሽት መንገድ እግር በእግር ተከተሉ

ይህ የመመሪያው እምብርት ነው፤ አትቸኩሉ። «ሠራተኛው ሰነፍ ነው» እና «አስተዳደሩ ችሎታ የለውም» የሚሉት ሁለት ክሶች የሚፈተሹት እዚህ ነው።

አንድ ትኬት፣ ማለትም የአንድ ብልሽት መዝገብ፣ አንሡና በሰዓት ዘርዝሩት። እንዲህ ያለ ነገር ታገኛላችሁ፦

- ሌሊት 7፡40፦ አላርም መጣ። ፋይበር ተቆርጧል።
- 7፡55፦ የክትትል ማዕከሉ ደወለ። ቴክኒሽያኑ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ።
- 8፡20፦ ሾፌርም መኪናም አለ፣ ነዳጅ የለም። ኩፖኑ ካዝና ውስጥ ነው። ፈራሚው የሚገባው ጠዋት 2፡30 ነው።
- ጠዋት 3፡15፦ ኩፖኑ ተፈረመ።
- 4፡50፦ ቡድኑ ቦታው ደረሰ። የስፕላይስ ማሽኑ (የተቆረጠ ፋይበር የሚቀጥለው) ሌላ ቡድን ጋ ነው።
- ቀን 6፡40፦ ማሽኑ መጣ።
- 8፡00፦ መስመሩ ተመለሰ።

ደንበኛው ከ12 ሰዓት በላይ ያለ አገልግሎት ቆየ። በእጅ የተሠራው ሥራ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። የቀረው ፊርማ፣ ነዳጅና መሣሪያ መጠበቅ ነው።

አሁን እንዲህ አድርጉ፦

1. 30 ትኬት በዕጣ ምረጡ። ከዋናው ከተማም ከክልልም ይግባ።
2. የእያንዳንዱን ሰዓት በአምስት ክፈሉት፦ ፊርማ መጠበቅ፣ መኪናና ነዳጅ መጠበቅ፣ መሣሪያና መለዋወጫ መጠበቅ፣ የሚያውቅ ሰው መጠበቅ፣ ጥገናው ራሱ።
3. ደምሩ። ትልቁ ድምር የወጣበት ቦታ የመጀመሪያ ሥራችሁ ነው።
4. ውጤቱን ለኃላፊዎችና ለማኅበሩ በአንድ ስብሰባ፣ በአንድ ጊዜ አሳዩ። ለአንዱ ቀድማችሁ ብትነግሩ ሌላው የተመከረበት ይመስለዋል።

ሰዓቱ የተፈጠረ ከመሰላችሁ የሰው ቃል አታሳድዱ። የአላርም መዝገቡን፣ የመኪናውን ጂ.ፒ.ኤስ. እና ሳይቱ ላይ ያለውን የጥበቃ መዝገብ አመሳክሩ። ሦስቱ ካልተስማሙ ትኬቱን ጥላችሁ ሌላ ምረጡ። በዚህ ደረጃ ማንንም አትቅጡ። ከቀጣችሁ የሚቀጥለው ወር መዝገብ በሙሉ ንጹሕ ሆኖ ይመጣል፣ አንዱም እውነት አይሆንም።

ደረጃ 3፦ ፊርማውን ወደ ታች አውርዱ

የቡድን መሪው ሌሊት ያለ ማንም ፈቃድ ሊያወጣው የሚችለውን ጣሪያ በጽሑፍ ወስኑ፦ ይህን ያህል ሊትር ነዳጅ፣ ይህን ያህል ብር ለቀን ሠራተኛ፣ ይህን ያህል ሜትር ኬብል። ሂሳቡን በ48 ሰዓት ያወራርድ። ከጣሪያው በላይ ሲሆን በስልክ የሚፈቅድ ተረኛ ኃላፊ ይመደብ፤ ስሙም በየሳምንቱ ይለጠፍ።

መካከለኛው ኃላፊ ይቃወማል። ፊርማ ማጣት ክብር ማጣት ይመስለዋል። ስለዚህ ባዶ እጁን አታስቀሩት። የአካባቢውን የጥገና ሰዓት እንደ ውጤቱ ቁጠሩለት፣ ግምገማውም በእሱ ይሁን።

አንድ ሰው ነዳጅ ቢሸጥስ? በማስረጃ እሱን ቅጡ። ሥልጣኑን ግን ከሁሉም አትንጠቁ። የብዙ ድርጅት የፊርማ ሰንሰለት የተወለደው አንድ ሌባ በተያዘ ቁጥር አንድ ፈራሚ እየተጨመረ ነው።

ተጠባባቂዎችንም አሁን ጨርሱ። ከስድስት ወር በላይ በተጠባባቂነት የቆየ ሰው ሁሉ በ30 ቀን ውስጥ ወይ ይጽና ወይ በሌላ ይተካ። ተጠባባቂ ኃላፊ ደፍሮ አይወስንም፤ ነገ ለሚሾመው ሰው ቂም ማስቀመጥ አይፈልግም። ድርጅታችሁ ውስጥ ውሳኔ የሚያንቀላፋባቸውን ክፍሎች ቁጠሩ፣ አብዛኞቹ በተጠባባቂ የተያዙ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ።

ደረጃ 4፦ ከማኅበሩ ጋር ተቀመጡ

መጀመሪያ አንድ ነገር ይግባችሁ። አዋጁ ቴሌኮሙኒኬሽንን እንደ መብራት፣ ውኃ፣ አየር ትራንስፖርትና ሆስፒታል እጅግ አስፈላጊ አገልግሎት ብሎ መድቦታል። በነዚህ ድርጅቶች የሥራ ማቆም አድማም በአሠሪ በኩል ሥራ መዝጋትም አይፈቀድም። ብዙ ኃላፊዎች ይህን ሲያውቁ እፎይ ይላሉ። እፎይ ማለት አልነበረባቸውም። ሌላው ድርጅት ቁጣውን አደባባይ ሲያወጣ ያየዋል። የእናንተ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። ስለዚህ በየሳምንቱ እነዚህን ተከታተሉ፦

- ሰኞና ከደመወዝ ማግስት የሚበዛ የሕመም ፈቃድ
- ሳይጠገን «ተጠግኗል» ተብሎ የተዘጋና በ24 ሰዓት ውስጥ ተመልሶ የተከፈተ ትኬት
- ተረኛ ሆኖ ስልኩ የተዘጋ ቴክኒሽያን
- በአንድ ሺፍት ስልክ እያነሡ ወዲያው የሚዘጉ የኮል ሴንተር ሠራተኞች

ከአራቱ ሁለቱ ለሦስት ሳምንት በተከታታይ ከጨመሩ ሠራተኛው አድማ ላይ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

ድርድሩን እንዲህ ምሩት፦

1. ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ። ጥሪ የደረሰው ወገን በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። እናንተ በሦስተኛው ቀን ቅረቡ።
2. ከየወገኑ ሦስት ሰው ይበቃል። ከእናንተ በኩል አንዱ እዚያው መወሰን የሚችል ይሁን። «ለበላይ አቀርባለሁ» ብቻ የሚል ተደራዳሪ መላክ ንቀት ነው።
3. የሂሳብ መዝገቡን ክፈቱ። ገቢው፣ ዕዳው፣ የደመወዙ ድርሻ ይታይ። ድርጅቱ ከስሯል እያላችሁ ሂሳቡን ብትደብቁ ማን ያምናል?
4. አጀንዳውን ከቀላሉ ጀምሩ፦ ታወር ለሚወጡ የደኅንነት ቀበቶ፣ ለማታ ሺፍት ሴቶች ሰርቪስ፣ ቀጥሎ ኦቨርታይምና አበል። የደመወዝ ስኬል መጨረሻ ይምጣ።
5. ቃለ ጉባኤው በዕለቱ ተጽፎ በዕለቱ ይፈረም። በማግስቱ የሚጻፍ ቃለ ጉባኤ አዲስ ጠብ ይወልዳል።

ኅብረት ስምምነቱ ሊያበቃ ከሆነ ከማብቂያው ከሦስት ወር በፊት እድሳቱን ጀምሩ። ካበቃ በኋላ ሦስት ወር ውስጥ አዲሱ ካልተቋጨ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅምን የሚመለከቱት አንቀጾች መሥራት ያቆማሉ። ይህ ለአሠሪ ድል የሚመስለው ካለ በማግስቱ የሚለቁትን ይቁጠር።

ድርድሩ ከቆመ ለአስማሚ አቅርቡ። አስማሚው በ30 ቀን ካልፈታው የእናንተ ዓይነት ድርጅት ጉዳይ ወደ ጊዜያዊ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ የተስማማችሁባቸውን ነጥቦች ሥራ ላይ አውሉ፣ ቀሪው እስኪያልቅ አትያዟቸው።

ማኅበር ከሌለ ሠራተኛው ተወካዮቹን ራሱ ይምረጥ። አሥር ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ኃላፊው የሚመርጠው «ተወካይ» ግን ማንንም አይወክልም፤ የሚያመጣላችሁም መስማት የምትፈልጉትን ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ዲሲፕሊንን ወደ ሥርዓቱ መልሱ

አጭር ነው፤ ግን ክስ የሚሸነፈው እዚህ ነው።

- ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሁን፣ ቀን ይኑረው፣ ሠራተኛው ይፈርምበት። አልፈርምም ካለ በምስክር ፊት ይመዝገብ።
- ውል የሚያቋርጥ ጥፋት ካወቃችሁ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ወስኑ። ካለፈ መብቱ ያልፋል። «እያጣራን ነው» እያሉ ሁለት ወር ማሳለፍ የተለመደ አወዳደቅ ነው።
- የመጀመሪያው ሦስት ወር ቅጣት ቴክኒሽያኖች ላይ ብቻ ካረፈ አቁሙና ራሳችሁን ጠይቁ። የደረጃ 2 ሰንጠረዥ ጥፋተኛ ያደረገው ማንን ነበር?

ደረጃ 6፦ ድልድል

አሁን ብቻ መዋቅር አንሡ። በእጃችሁ የጥገና ሰዓት ሰንጠረዥ፣ የኦቨርታይም መዝገብና ከማኅበሩ ጋር የተፈረመ ወረቀት አለ።

1. መስፈርቱን ከስም በፊት አውጡ፦ ትምህርት፣ ልምድ፣ የሥራ ውጤት፣ ለእያንዳንዱ ስንት ነጥብ።
2. ማኅበሩ መስፈርቱ ላይ አስተያየት ይስጥ። ሰው መምረጥ ግን የእሱ ሥራ አይደለም።
3. ምደባውን በአንድ ቀን ለጥፉ። በክፍል በክፍል አታንጠባጥቡ።
4. ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ከማስታወቂያው በፊት ይቋቋም። በ15 ቀን በጽሑፍ መልስ ይስጥ፣ ነጥቡንም ያሳይ።
5. ከቤተሰቡ ተለይቶ ሌላ ከተማ ለሚመደብ ሰው ምክንያቱን በአካል ንገሩት። ደብዳቤ ብቻ አይበቃም።

በዚህ ደረጃ ፍራንስ ቴሌኮም፣ የዛሬው ኦሬንጅ፣ አገሩ ላይ የደረሰበትን አስቡ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በሦስት ዓመት 22,000 ሰው ለማስወጣት አቀደ። የሥራ አስፈጻሚው ዲዲዬ ሎምባርድ ሰዎቹ «በመስኮትም ይሁን በበር» እንደሚወጡ ተናገሩ። ሠራተኛው ራሱ እንዲለቅ ከቦታ ቦታ ማዘዋወርና ማስጨነቅ መንገድ ሆነ። ፍርድ ቤት ከመረመራቸው 39 ጉዳዮች 19ኙ ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የፓሪስ ፍርድ ቤት ድርጅቱንና ኃላፊዎቹን ጥፋተኛ አለ። ያው ኩባንያ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮምን በማኔጅመንት ውል ለማስተዳደር መጥቶ ነበርና ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ሰውን አማርራችሁ እንዲለቅ ለማድረግ በፍጹም አትሞክሩ። የሚበዛ ሰው ካለ ደረጃ 7ን በግልጽ ተከተሉ።

ደረጃ 7፦ ቅነሳ፣ ሌላ መንገድ ካለቀ ብቻ

ቅድሚያ ያሉትን ሞክሩ፦ አዲስ ቅጥር ማቆም፣ የጡረታ ዕድሜ የደረሱትን አለመተካት፣ በውጭ ኮንትራክተር የሚሠራውን ሥራ ለራስ ሠራተኛ መመለስ፣ ሥልጠና ሰጥቶ ማዘዋወር።

በፈቃድ መልቀቅን ስትከፍቱ ተጠንቀቁ። የሕንዱ መንግሥታዊ ኦፕሬተር ቢ.ኤስ.ኤን.ኤል. በፈቃድ ጡረታ ሲከፍት ከ78,000 በላይ ሠራተኞች ተቀበሉ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 በአንድ ቀን ወጡ። የድርጅቱ ግማሽ ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የሥራ ዘርፍ ከስንት በላይ እንደማትለቁ ቀድማችሁ ጻፉ፤ የድሮውን መስመር በልቡ የያዘ ቴክኒሽያን እውቀቱን ለሌላ ሳያስተላልፍ አይውጣ።

ሕጉ የሚለው የሠራተኛ ቅነሳ ቢያንስ 10 በመቶ ሠራተኛን፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ቢያንስ 5 ሰውን የሚመለከት ነው። ከሆነ፦

1. ከማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር ተመካከሩ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ።
2. ችሎታና የተሻለ ምርታማነት ያላቸው ይቆያሉ። እኩል ከሆኑ አጭር አገልግሎት ያለው፣ ቀጥሎም ጥቂት ጥገኞች ያሉት ቀድሞ ይነካል። ነፍሰ ጡሮች፣ በሥራ ላይ የተጎዱና የሠራተኛ ተወካዮች በቅደም ተከተሉ መጨረሻ ላይ ናቸው።
3. የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ።
4. ክፍያውን ቀድማችሁ አስሉ። 6 ዓመት ያገለገለ፣ አማካይ የቀን ደመወዙ 500 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፣ 15,000 ብር። ለቀሪዎቹ 5 ዓመታት የዚህ ሲሶ በየዓመቱ፣ 25,000። በቅነሳ ምክንያት ተጨማሪ 60 ቀን፣ 30,000። በድምሩ 70,000 ብር። ያልተጠቀመበት ፈቃድ በላዩ ይታከላል።
5. ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ክፈሉ። መዘግየት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ ሊያስከፍል ይችላል።

የዚህ ሁሉ ገንዘብ ባንክ ውስጥ ካልተቀመጠ አንድም ደብዳቤ አትጻፉ። ግማሹን ሰው ከፍላችሁ ግማሹን ካስቆማችሁ፣ የቀሩትም የወጡትም በአንድ ቀን ጠላት ይሆናሉ።

ደረጃ 8፦ በየ90 ቀኑ መለካት

አራት ቁጥር ሁሉም ሰው በሚያይበት ቦታ ለጥፉ፦ አማካይ የጥገና ሰዓት፣ በ24 ሰዓት ተመልሶ የተከፈተ ትኬት፣ በፈቃዱ የለቀቀ ባለሙያ፣ ከ30 ቀን በላይ ያልተከፈለ ኦቨርታይም። አራተኛው ዜሮ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሌሎቹን ማየት ትርጉም የለውም፣ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

የጥገና ሰዓቱ ተሻሽሎ ሰው ግን መልቀቁን ከቀጠለ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ ወይም ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። የለቀቁትን በአለቃ ከፋፍሉና እዩ፤ ከአንድ ኃላፊ ሥር የወጡት ከበዙ እሱን አነጋግሩ፣ ከሄዱት ሁለቱን ደግሞ ደውላችሁ ስሙ። ሰው እየቆየ ጥገናው ከዘገየ ግን ሌላ 30 ትኬት በዕጣ አውጡና ደረጃ 2ን ከመጀመሪያው ድገሙት። በዚህኛው ዙር የሚያስጠብቀው ነገር ተለውጦ ታገኙታላችሁ፤ ፊርማ የነበረው መለዋወጫ ይሆናል፣ መኪና የነበረውም የሚያውቅ ሰው።